ሰባት ቤት መቁጠር አኦርታን አያድንም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ጅማ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። እኔ ጋ ሦስት ጊዜ ደርሷል። ሦስተኛዋ ላኪ እህቴ ናት። ከሥሩ "እውነት ነው እንዴ?" ብላ ጽፋለች። የላከችው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ጽሑፉ ስለ ማርፋን ሲንድረም ነው። ቁመታቸው ስለሚመዘዝ፣ ጣታቸው ስለሚረዝም፣ ደረታቸው ወደ ውስጥ ስለሚሰረጉድ ወይም ወደ ውጭ ስለሚወጣ፣ በኋላም ልባቸው ስለሚታመም ልጆች። የእህቴ ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው የሚሉት ይህን ነው። የእነዚህ ልጆች ልብ የሚታመመው ካልታከመ ቶንሲል ነው፤ የጂን (በዘር የሚወረስ) ወሬ የፈረንጅ ነው። ጂን ነው ከተባለም ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ የሚመጣ ነው፤ ሰባት ቤት የቆጠረ ቤተሰብ አያገኘውም። እናትና አባት ጤነኛ ከሆኑ ልጁ ላይ ሊኖር አይችልም። ልጁ ልቡ እንዲጠነክር መሮጥና ክብደት ማንሳት አለበት። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ በዘር የመጣ ነገር መድኃኒት ስለሌለው፣ የጂን ምርመራውም እኛ ጋ ስለሌለ፣ ሆስፒታል መመላለስ ብር ማባከን ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ግን የእህቴን ልጅ ይዤ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ክፍል በር ላይ ወረፋ የጠበቅኩባቸው ጠዋቶች ብዙ ናቸው። ጸሐፊውን አላውቃቸውም፣ በክፋት የጻፉትም አይመስለኝም። አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም ግማሽ እውነት ይዘዋል። እዚያ ስደርስ አልደብቅም።

ከቶንሲሉ ልጀምር።

ለምን እንደዚያ እንዳሉ ይገባኛል። እኛ አገር የልጅ ልብ ታመመ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። መታሰቡም ልክ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮን ያሳምማል። በወቅቱ ካልታከመ የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን አሳድዳለሁ ሲል የራሱን የልብ በሮች ያቆስላል። በዚህ የተጎዱ ልጆች ብዙ ናቸው። ግን አንዱ በሽታ ስለበዛ ሌላው የለም ማለት አይደለም።

የእህቴ ልጅ በዘጠኝ ዓመቱ ጉንፋን ይዞት ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄደ። ሲያዳምጡት ልቡ ላይ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ተሰማ። ሩማቲክ ነው ተባለ። በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ታዘዘለት። ሦስት ዓመት ሙሉ ተወጋ። ያን መርፌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ልጁ ሁለት ቀን እያነከሰ ነበር ትምህርት ቤት የሚሄደው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኤኮ ይነሳ ያለ ሰው አልነበረም።

በአሥራ ሁለት ዓመቱ ሰሌዳው አልታይ አለው። መነጽር ልናሠራለት ወሰድነው። የዓይን ሐኪሟ ዓይኑን በብርሃን ስታየው ቆየች። የዓይኑ ሌንስ ከቦታው ወደ ላይ ተንሸራቷል። ከዚያ እጁን ተቀበለችውና አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ አስጨብጣ ተመለከተች። ጥፍሩ በትንሿ ጣት በኩል አልፎ ወጣ። "ልቡን ታይቷል?" አለችን። የልቡን ነገር የደረሰችበት የዓይን ሐኪም ናት ማለት ነው።

ኤኮ ሲነሳ ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው፣ በግራ ልብ ክፍሎች መካከል ያለው ሚትራል የሚባለው በር ልፍስፍስ ብሎ ወደ ኋላ ይገለበጣል። በሩማቲክ የተጎዳ በር ግን ሲቆይ ብዙውን ጊዜ ይወፍራል፣ ይደድራል፣ ጠርዙ ይጣበቃል። አንዱ ይላላል፣ ሌላው ይከርራል። በማዳመጫ ግን ሁለቱም ያፏጫሉ። ስህተቱ የመጣው ከዚህ ነው። ሁለተኛው ነገር አኦርታው ነው። ከልብ የሚወጣው ዋናው ደም ወሳጅ ቧንቧ ከሥሩ ሰፍቷል። ይህን ቶንሲል አያመጣውም።

"የፈረንጅ ነው" ለሚለው ብዙ አልደክምም። ማርፋን በየትኛውም ሕዝብ ውስጥ አለ፤ ከ5,000 ሰው አንዱ ላይ ይገኛል ተብሎ ይገመታል። አገራችን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት። አካፍሉት። 20 ሺህ ሰው የት ገባ? ወይ ሩማቲክ ተብሎ መርፌ ይወጋል፣ ወይ "ቀጭኔ" እየተባለ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል፣ ወይ ደግሞ አንድ ቀን "በድንገት አረፈ" ተብሎ ድንኳን ይተከልለታል።

አሁን ወደ ጂኑ እንምጣ። እዚህ ትንሽ ልቆይ፤ የሚያስተምረው ሰው ይወደዋል።

በሽታው ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው የሕፃናት ሐኪም ከአንቷን ማርፋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንደዚሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እጅና እግሯ እንደ ሸረሪት የቀጠነ የአምስት ዓመት ልጅ አይቶ ጻፈ። (የሚገርመው፣ ያቺ ልጅ ዛሬ ማርፋን በምንለው ሳይሆን በሌላ ተቀራራቢ በሽታ ትሠቃይ ነበር የሚሉ ሐኪሞች አሉ።) በ1950ዎቹ አሜሪካዊው ቪክቶር ማኩሲክ ዓይኑን፣ አጥንቱንና አኦርታውን በአንድ ክር አሰራቸው። ሦስቱም የሚታመሙት ሰውነትን አያይዞ የሚይዘው ሕብረ ሕዋስ በዘር ስለደከመ ነው አለ። ጂኑ ራሱ የተገኘው በ1991 ነው። ኤፍቢኤን1 ይባላል። 15ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ሥራው ፋይብሪሊን የሚባል ፕሮቲን ማሠራት ነው።

ፋይብሪሊን ምን ይሠራል? ጋቢ ሲሸመን ያያችሁ መጀመሪያ ድሩ እንደሚወጠር ታውቃላችሁ። ማጉ የሚገባው በኋላ ነው። የአኦርታ ግድግዳ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ኢላስቲን በሚባል ነገር ነው። ፋይብሪሊን ደግሞ ኢላስቲኑ የሚደገፍበት ድር ነው። ድሩ የሳሳ ጋቢ መጀመሪያ ቀን ያምራል። ሲታጠብና ሲወጠር ነው ጉዱ የሚታየው። አኦርታ ደግሞ ሁሌ እንደተወጠረ ነው። ልብ በቀን ወደ 100 ሺህ ጊዜ ይመታል። በእያንዳንዱ ምት ደሙ መጀመሪያ የሚያርፈው አኦርታው ሥር ላይ ነው። ያ ቦታ ከሌላው ቧንቧ ሁሉ በላይ መለጠጥ ይጠበቅበታል። ለዚህ ነው ከመላ ሰውነት መርጦ እዚያ ላይ የሚሰፋው። ሰውነት ኢላስቲኑን በዋናነት የሚሠራው በልጅነት ነው። ካረጀ በኋላ በአዲስ አይተካውም።

ጸሐፊው ይህን ቢያነቡ "እንግዲያው የተበላሸ ክር ነው፣ ምን ይደረጋል" ይሉ ይሆናል። ነገሩ ግን ክር ብቻ አይደለም። ፋይብሪሊን ሌላም ሥራ አለው። ቲጂኤፍ ቤታ የሚባል ሴሎችን የሚያዝ መልእክተኛ አለ። ፋይብሪሊን እሱን አስሮ ያስቀምጠዋል። አጥሩ የፈረሰ በረት አስቡ። ከብቶቹ ወጥተው በቆሎ ውስጥ ይገባሉ። ከብቱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ልክ ባጣ ጊዜ ነው ማሳውን የሚያጠፋው። ቲጂኤፍ ቤታም ከልክ በላይ ሲሠራ የቧንቧው ግድግዳ ይጎሳቆላል። ይህን ከ2003 ጀምሮ በአይጦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች አሳዩ። በ2005 ደግሞ ሎይስ ዲትዝ የሚባል ሌላ በሽታ ታወቀ። እዚያ የተበላሸው አጥሩ ሳይሆን ሴሉ የቲጂኤፍ ቤታን መልእክት የሚቀበልበት ጆሮ ነው። የጂኖቹ ስም ቲጂኤፍቢአር1 እና ቲጂኤፍቢአር2 ነው። አኦርታው ግን ያው ይሰፋል። ሌላም አለ። የኤለርስ ዳንሎስ በሽታ አንዱ ዓይነት ኮል3ኤ1 በሚባል ጂን ይመጣል። ኮላጅን የሚባለው ማጠንከሪያ ፕሮቲን ስለሚጎድል የደም ቧንቧ ብዙም ሳይሰፋ እንኳ ሊቀደድ ይችላል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ከውጭ ሲታዩ የሚመሳሰሉ ሰዎች ልባቸውን የሚጠብቃቸው አደጋ ይለያያል። ማርፋን ያለበት ሰው በአብዛኛው አኦርታው 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ለቀዶ ሕክምና ይታሰባል። በሎይስ ዲትዝ ከዚያ ባነሰ ስፋትም ሊቀደድ ስለሚችል ቶሎ ይኬዳል። ጂኑን ማወቅ ማለት መቼ መፍራት እንዳለብህ ማወቅ ነው።

ወደ ሰባት ቤቱ ልሂድ። እህቴን እንቅልፍ የነሳት ይሄኛው ነው። እሷና ባሏ ሲጋቡ ሽማግሌ ተቀምጦ ሐረግ ተቆጥሯል። ጽሑፉን ስታነብ "ታዲያ እኛ ምን በድለን ነው?" አለች። ከዚያ የባሏ ዘመዶች ወደ እሷ፣ የእሷ ዘመዶች ወደ ባሏ ማየት ጀመሩ። የተደበቀ ዝምድና አለ ማለት ነው እየተባለ።

የለም። ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሰው ከአብዛኛው ጂን ሁለት ሁለት ቅጂ አለው፣ አንዱን ከእናት አንዱን ከአባት። አንዳንድ በሽታ የሚመጣው ሁለቱም ቅጂ ሲበላሽ ነው። ለዚያ ዓይነቱ የዘመድ ጋብቻ በእርግጥ ያባብሳል፤ ሁለት ዘመዳሞች ከአንድ አያት አንድ ዓይነት ብልሽት ተሸክመው ሊገናኙ ይችላሉና። ሰባት ቤት መቁጠር እዚያ ላይ ትልቅ ጥበብ ነው። ማርፋን ግን አንድ ቅጂ ቢበላሽ ይበቃዋል። ሌላው ወላጅ ከየትም ይምጣ፣ ከአጋሮም ይሁን ከጎንደር፣ ለውጥ አያመጣም። ሰባት ሳይሆን ሰባ ቤት ብትቆጥር እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ነው። እንደ ሳንቲም ውርወራ ነው። ሳንቲሙ ደግሞ ያለፈውን አያስታውስም። የመጀመሪያው ልጅ ወሰደው ማለት ሁለተኛው ዳነ ማለት አይደለም።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። አንዱ ቅጂ ደህና ከሆነ ለምን አይሸፍንለትም? ሁለት ፈታዮች ለአንድ ሸማኔ ክር ያቀርባሉ እንበል። አንዷ ብታቆም ክሩ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጋቢው ይሳሳል። ይህ አንዱ መንገድ ነው። ሌላኛው ይብሳል። ሴትዮዋ አላቆመችም፤ የበሰበሰ ክር እየፈተለች ታቀርባለች። ሸማኔው ሳያውቅ ከደህናው ጋር ቀላቅሎ ይሸምነዋል። ያኔ ደህናውም ክር አብሮ ይበጠሳል። በኤፍቢኤን1 ላይ እስካሁን ከ2,000 በላይ የተለያዩ ብልሽቶች ተመዝግበዋል፤ ከሁለቱም ዓይነት አለ። በጂኑ መሃል አካባቢ ያሉ አንዳንዶቹ ገና ከመወለድ ጀምሮ ልብን ክፉኛ የሚጎዱ ናቸው።

ግማሽ እውነት ይዘዋል ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ሆሞሲስቲኑሪያ የሚባል በሽታ አለ። ልጁ ረጅምና ቀጭን ነው፣ የዓይኑ ሌንስም ይንሸራተታል። አይቶ ማርፋን ያላለ የለም። እሱ ግን ሁለቱም ቅጂ ሲበላሽ የሚመጣ ነው፤ የዘመድ ጋብቻ ያበዛዋል። ጸሐፊው ምናልባት ይህን ሰምተው ይሆናል። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። በሆሞሲስቲኑሪያ ሌንሱ በአብዛኛው የሚወርደው ወደ ታች ነው፤ በማርፋን ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ዋናው ሥጋትም አኦርታ መቀደድ ሳይሆን ደም መርጋት ነው። የዓይን ሐኪሟ "ወደ ላይ" ብላ የጻፈቻት ቃል ለካ ትልቅ ነገር ነበረች።

እናትና አባት ጤነኛ ከሆኑ አይኖርም የሚለው በሁለት በኩል ስህተት ነው። ማርፋን ካለባቸው ሰዎች ከአራቱ አንዱ ገደማ ከማንም አልወረሰም፤ ብልሽቱ እሱ ሲፀነስ አዲስ የተፈጠረ ነው። ሁለተኛው በኩል ደግሞ "ጤነኛ" ማለት ምን ማለት ነው? ያልተመረመረ ማለት ነው ወይስ ተመርምሮ ደህና የተባለ? አማቼን እንይ።

የእህቴ ባል ቡና መጋዘን ነው የሚሠራው። ጆንያ ይሸከማል። ቁመቱ አንድ ሜትር ከዘጠና ነው። በሕይወቱ አንድ ቀን ተኝቶ አያውቅም፣ ራስ ምታት እንኳ የለበትም። ልጁ ማርፋን ነው ሲባል ሐኪሙ "ወላጆችም ኤኮ ይነሱ" አለ። አማቼ ሳቀ። "እኔ ምን ሆንኩና" አለ። እህቴ ነች ጎትታ የወሰደችው። የእሷ ልብ ደህና ሆነ። የእሱ አኦርታ ግን ሥሩ ላይ 4.7 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። በዚያች ቀን ጠዋት ስንት ጆንያ ጭኖ እንደመጣ ጠይቄው ነበር። አልነግራችሁም።

አንድ ዓይነት ጂን ነው ልጅና አባት ላይ ያለው። ልጁ ዓይኑ ተጎድቷል፣ የአባቱ ዓይን እንደ ንስር ነው። የልጁ የጀርባ አጥንት ተጣሟል፣ የአባቱ ቀጥ ያለ ነው። ያው ብልሽት በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ እንዲህ ይለያያል። ስለዚህ አይቶ መፍረድ አይቻልም። በነገራችን ላይ ረጅምና ቀጭን ሰው ሁሉ ማርፋን ነው ብላችሁ እንዳትደነግጡ። አብዛኛው ረጅም ሰው ረጅም ብቻ ነው።

ክብደት ያንሳ ስለሚለው ምክር ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ጸሐፊው ልብ ጡንቻ ነው፣ ጡንቻ ደግሞ በሥራ ይጠነክራል ይላሉ። ልብ ጡንቻ መሆኑ ልክ ነው። ችግሩ ግን ጡንቻው ላይ አይደለም፣ ቧንቧው ላይ ነው። ጎማው ለላላ ቱቦ ፓምፑን ብታጠነክረው ምን ታተርፋለህ? ትንፋሽ ይዞ ከባድ ነገር ማንሳት የደም ግፊትን ለዚያች ቅጽበት ሽቅብ ይሰደዋል። ማርፋን ያለበት ሰው የሚነገረው በእግር መሄድ፣ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ፣ ትንፋሽ ሳይቆራረጥ እያወሩ ሊሠሩት የሚቻል ነገር ነው። ጂም፣ ትግል፣ ሩጫ ውድድር አይደለም።

ፍሎ ሃይማን የአሜሪካ የመረብ ኳስ ኮከብ ነበረች። በ1984ቱ ኦሎምፒክ ቡድኗ የብር ሜዳሊያ አግኝቷል። እንዲህ ሰውነቱ የፈረጠመ ስፖርተኛ የት ይገኛል? በጃንዋሪ 1986 ጃፓን ውስጥ ጨዋታ ላይ ሳለች ተቀይራ ወጥታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እዚያው ወደቀች፤ አረፈች። 31 ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ልቧ ነው ተባለ። አስከሬኗ ሲመረመር አኦርታዋ ተቀዶ ተገኘ፤ ማርፋን ነበረባት፣ ማንም አያውቅም ነበር። ከእሷ ሞት በኋላ ወንድሟ ተመረመረ። እሱም ላይ ተገኘ፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።

የመጨረሻው ነጥብ። መድኃኒት የለውም የሚለው።

ጂኑን የሚያስተካክል መድኃኒት የለም። ይህ ልክ ነው። ከዚያ "ስለዚህ አትሂዱ" ወደሚለው የተዘለለው ዝላይ ግን ሰው ይገድላል። አኦርታውን የሚገድለው ሁለት ነገር ነው፤ ግድግዳው መድከሙና በየምቱ የሚመታው ኃይል። የመጀመሪያውን ባትቀይረው ሁለተኛውን ትቀንሰዋለህ። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶች የልብን ምት ያረጋጋሉ። ሎሳርታን የሚባለው ደግሞ በ2006 አይጦች ላይ አስደናቂ ውጤት አሳይቶ ዓለምን አስደሰተ። በ2014 የወጣው ጥናት ይህን በሰው ላይ ፈተሸው። 608 ልጆችና ወጣቶች ለሦስት ዓመት ወይ አቴኖሎል ወይ ሎሳርታን ወሰዱ። አንዱ ከሌላው አልበለጠም። አንዳንዱ ሰው አዘነ። እኔ ግን ሳነብ የታየኝ ሌላ ነው። ሁለቱም ለደም ግፊት የሚሰጡ የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው። ውድ የፈረንጅ ተአምር አልተፈለገም። (በራሳችሁ ግን አትጀምሩት፤ መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው። አስም ያለበት ሰው ላይ ለምሳሌ እነ ፕሮፕራኖሎል ጣጣ ያመጣሉ።)

የጂን ምርመራው እኛ ጋ የለም የሚሉትም ሐቅ ተይዞ የተጣመመ ነው። ለእህቴ ልጅ የጂን ምርመራ አልተደረገለትም። አላስፈለገምም። በ2010 በተሻሻለው የሐኪሞች መመዘኛ መሠረት የአኦርታው ሥር መስፋትና የዓይን ሌንሱ መንሸራተት አንድ ላይ ከተገኙ ማርፋን ለማለት ይበቃሉ። አባቱ ደግሞ ልጁ ስላለበትና የራሱ አኦርታ ስለሰፋ ተለየ። ዓይን ማየትና ኤኮ መነሳት ነው። ኤኮ ጅማ ውስጥ ይሠራል። ወረፋ አለው፤ ወረፋው ያናድዳል፤ ግን ይሠራል።

ኤኮው ምን ያደርጋል? ይለካል። ስድስት ወር ቆይቶ ደግሞ ይለካል። እየሰፋ ከሄደ ሳይቀደድ በፊት ይቀየራል። የተበላሸው ሥር ተቆርጦ በሰው ሠራሽ ጨርቅ በተሠራ ቱቦ የመተካቱ ቀዶ ሕክምና ከ1968 ጀምሮ ያለ ነው። በኋላ የሰውየውን የራሱን የልብ በር ሳይቀይሩ ቱቦውን ብቻ የሚቀይሩበት ዘዴም መጣ። ሩቅ ነው፣ ውድ ነው፣ ለእኛ ቀላል አይደለም። ግን ታቅዶ የሚሠራ ቀዶ ሕክምናና ከተቀደደ በኋላ ሌሊት በአምቡላንስ እየተበረረ የሚሠራ አንድ አይደሉም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በተሠራ ስሌት ማርፋን ካለባቸው ሰዎች ግማሾቹ 48 ዓመት አይሞላቸውም ነበር። በሃያ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ቁጥሩ ወደ 72 ወጣ። ጂኑ ያው ነው። የተለወጠው መለካቱ፣ መድኃኒቱና ቢላዋው ነው።

ጸሐፊው ያልጠቀሱት፣ እኔ ግን ሳልናገር የማላልፋቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

አንዱ ሲፕሮ ነው። ሆዳችንን ሲያመን፣ ሽንት ሲያቃጥለን፣ ፋርማሲ ገብተን "ሲፕሮ ስጠኝ" የማንል ማን አለ? ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ኖርፍሎክሳሲንና ዘመዶቻቸው የአኦርታ መስፋትንና መቀደድን ሊያባብሱ ይችላሉ ተብሎ በዲሴምበር 2018 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አስጠንቅቋል። ማርፋንና ኤለርስ ዳንሎስ ያለባቸው ሰዎች ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ እንዳይወስዱት ነው የተመከረው። እህቴ ይህን በወረቀት ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች።

ሌላው ሕመሙ ነው። ደረት ላይ ወይም በሁለቱ ትከሻዎች መሃል ጀርባ ላይ ድንገት እንደ መተርተር የሚያደርግ ኃይለኛ ውጋት ሲመጣ "ምች ነው" ብሎ ዳማከሴ ማሸት፣ ዋግምት መጥራት ይለመዳል። በዳማከሴ ላይ ምንም ተቃውሞ የለኝም፤ እናቴም ታሸኝ ነበር። ማርፋን ባለበት ሰው ላይ ግን ያን ውጋት ሐኪም ሌላ ነው እስኪል ድረስ አኦርታ መቀደድ ነው ብሎ መያዝ ነው። ባጃጅም ቢሆን አስቁሞ ወደ ሆስፒታል መብረር ነው፤ በር ላይ ደግሞ "ማርፋን አለበት" ማለት። ያረገዘች ሴት ከሆነች የበለጠ። በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት አኦርታው ይበልጥ ይጨነቃል። ስለዚህ ማርፋን ያለባት ሴት ከማርገዟ በፊት ኤኮ መነሳት አለባት። ሰርግ ሲታሰብ ሐረግ ለመቁጠር የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ይህንንም አንድ ጥያቄ ቢጨምሩበት አልጠላም።

አማቼ አሁን ጆንያ አይሸከምም። መጋዘኑ ውስጥ ሚዛን ላይ ቆሞ ይመዘግባል። ደመወዙ ቀንሷል፣ መጀመሪያ ሰሞን ከእህቴ ጋር በዚህ ተጣልተዋል። መድኃኒቱን ማታ ማታ ከልጁ ጋር እኩል ይውጣሉ። ልጁ ነው የሚያስታውሰው። ያለፈው ወር ኤኮ ላይ የአባትየው 4.7 ላይ ቆሟል። የልጁም አልጨመረም።

ለእህቴ መልስ ስጽፍላት ከላይ ያለውን ሁሉ አልጻፍኩም። "አይደለም፣ ተኚ" ነው ያልኳት። ጠዋት ደውላ ዝርዝሩን ጠየቀችኝ፤ ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ነው።

አማቼ ታላቅ ወንድም አለው። አጋሮ ነው የሚኖረው። እሱም ረጅም ነው፣ ሦስት ልጆች አሉት። እኔም፣ እህቴም፣ ወንድሙም ኤኮ ተነሳ ብለን ለምነነዋል። ከወላጆቻቸው የመጣ ከሆነ ግማሽ በግማሽ ነው ዕድሉ ብዬ ሳንቲም አውጥቼ ሁሉ አሳይቼዋለሁ። ያ ጽሑፍ እሱም ጋ ደርሷል። ባለፈው እሁድ ስደውልለት አነበበልኝ፣ የሰባት ቤቱን ክፍል ሁለት ጊዜ። "እኛ ቆጥረናል እኮ" አለኝ። ለመጪው ቅዳሜ ቡና ላፈላልህ ና ብሎኛል። ኤኮ ቀጠሮው ሰኞ ነው፣ በስሙ አስይዤለታለሁ። እስካሁን አልነገርኩትም።